ልጅ ትርፍ አይደለም

ጎረቤቴ ጠዋት 12 ሰዓት ከ15 ላይ ከሳቢያን ሰርቪስ ትይዛለች። መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ምሳዋ በፌስታል ነው፣ አራት ዓመት ያልሞላት ልጇ ደግሞ አከራይዋ አልጋ ላይ ተኝታለች። ሰርቪሱ መልካ ጀብዱ፣ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያደርሳትና 1 ሰዓት ላይ ማሽኗ ፊት ትቀመጣለች። የልጇ መዋዕለ ሕፃናት በር የሚከፈተው 2 ሰዓት ነው። እናት ከሄደች በኋላ ልጅቷን ከአከራይዋ ደጅ ወስዶ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አንድ ቫን አለ። የዛሬው ነገሬ ከዚያ ቫን ጋር ነው።

ቫን ስላችሁ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ "ተማሪ" የሚል የተጻፈበት መኪና እንዳይመስላችሁ። ለሰባት ሰው የተሠራች ትንሽ ሱዙኪ ናት። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ጎንና ጎን አግዳሚ ተተክሎላታል። ቀበቶ የሚባል ነገር ኋላ የለም። በሩ ከውስጥ በገመድ ይታሰራል። ረዳት የለም፤ ትልቁ ልጅ ነው ረዳቱ፣ እሱም ሁለተኛ ክፍል ነው። ሰሌዳው በተለምዶ ኮድ 2 የምንለው የግል ነው። አንድ ጠዋት ቆሜ ቆጠርኩ፤ 17 ልጅ። (ጋዜጠኝነት ተምሬ ሥራ እየፈለግኩ ስለሆነ ለመቆጠር የሚሆን ጊዜ ሞልቶኛል።)

ሹፌሩን ጠየቅኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጆቹንም በስም ይጠራቸዋል። "አቦ፣ ልጅ እኮ ነው። ሁለቱ እንደ አንድ ሰው ነው" አለኝ።

ይህ ሒሳብ የሱ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ታክሲ ውስጥ "ልጁን እቀፊው" ሲባል ያላቀፈች ማን አለች? ጭን ላይ ያለ ልጅ አይከፍልም፣ ስለማይከፍል አይቆጠርም። ትራፊክ ፖሊስም ሲቆጥር ጭን ላይ ያለውን አይቶ ያልፈዋል። እንግዲህ መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ሰው መሆኑን ለትልቅ ሰው ብቻ አስቀርተን፣ ልጅን ከዘንቢል ጋር መድበነዋል ማለት ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ 15 ኪሎ የምትመዝን ልጅን በእጁ ይዞ የሚያስቀር እናትም አባትም አልተፈጠረም። ጎን ለጎን በተተከለ አግዳሚ ላይ የተደረደሩ 17 ልጆች ደግሞ የሚይዛቸው እጅ እንኳ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎችን በመግደል የመንገድ አደጋን የሚስተካከል የለም ሲል ስለ እኛም ልጆች መናገሩ ነው።

መቼም ይህን ሳነሳ ሁለት ዓይነት መልስ ነው የማገኘው። አንደኛው "እናትየዋ ምን ነክቷት ነው እንዲህ ያለ መኪና ላይ የምትጭነው?" የሚለው ነው። ይህን የሚሉኝ ሰዎች በአብዛኛው ልጃቸውን ራሳቸው በመኪናቸው የሚያደርሱ ናቸው። ሁለተኛው "የድሃ ነገር ነው፣ እንጀራቸውን አትንኪ" የሚለው ነው። ከሁለቱ የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው፣ ምክንያቱም ደግ ይመስላል። ድሃ ስለሆነች ልጇ በገመድ በታሰረ በር ትሂድ ማለት ምን ዓይነት ደግነት ነው?

ታዲያ ሕጉ የት ነው? ሕጉ አለ። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በላይ መጫን ያስቀጣል፣ በግል ሰሌዳ በሒሳብ ሰው ማመላለስም ክልክል ነው። አንድ ማክሰኞ ትራፊክ ቫኑን አስቆመና ሹፌሩን ቀጣው። ትክክል ነው፣ አጨበጨብኩ። ከዚያስ? ቫኑ አራት ቀን ጠፋ። ረቡዕ ጎረቤቴ ከሥራ ቀረችና ከደመወዟ ተቆረጠ። ሐሙስ ልጆቹ በባጃጅ ሄዱ፤ አንድ ባጃጅ ላይ ስድስት፣ አንዱ ሹፌሩ አጠገብ ግማሽ ወንበር ላይ። ጭብጨባዬን መለስኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ሱዙኪዋ ተመለሰች፣ ለቅጣቱ ማካካሻ ወርሃዊ ክፍያው ላይ ትንሽ ጨምራ። ቅጣቱን የከፈሉት እናቶቹ ናቸው።

አሁን ወደምፈልገው ልምጣ። ጎረቤቴ የምትሄድበትን አውቶቡስ ተመልከቱት። ፋብሪካው ተዋውሎ ያመጣው ነው፣ ለእያንዳንዷ ሠራተኛ ወንበር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሠራተኛ አሠሪው ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄድ ወይም ስትመለስ ጉዳት ቢደርስባት በሥራ ላይ እንደደረሰ አደጋ ይቆጥረዋል። ማለትም ሕጉ ገና ሰርቪሱ ላይ ስትወጣ ሥራ ላይ ናት ብሎ አምኗል። ጥሩ ሕግ ነው፣ የታገለለት ሰው ይባረክ። የልጇ ጉዞስ? እሱ የግል ጉዳይዋ ነው። ግን ያ የግል ጉዳይ አንድ ቀን ሲስተጓጎል ማሽኑ ባዶውን እንደሚውል ረቡዕ ዕለት አይተናል። እናቲቱን ፋብሪካ የሚያደርሳት አውቶቡሱ ብቻ አይደለም፤ ሱዙኪዋም ናት። ፋብሪካው በአንዱ ይኮራል፣ ሌላውን አላየሁም ይላል።

ያው አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በ91ኛው ቀን ልጁ የት ይሁን? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛውን የሚያመላልስ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለ። ለቢሮ ሠራተኛዋ የታሰበው ለፋብሪካ ሠራተኛዋ ሲሆን ቅንጦት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ጎረቤቴ የምትሠራበት ፋብሪካ ማቆያ የለውም። ጠይቃ ነበር፣ "ወደፊት ይታሰብበታል" ተባለች። ልጅቷ እስከዚያ አድጋ ትጨርሳለች።

ፓርኩ በታኅሣሥ 2013 ሲመረቅ፣ ነሐሴ 2014 ደግሞ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ ጀመረ ሲባል የሰማነው ስለ ባቡር፣ ስለ ጅቡቲ ወደብና ስለ ዕቃ ፍጥነት ነበር። አልቃወምም፣ ድሬ በባቡር የተወለደች ከተማ ናት። ግን ኮንቴይነሩን አስተውሉት። ቁጥር አለው፣ ማሸጊያ አለው፣ ሰነድ አለው፣ ሲነሳ ይመዘገባል ሲደርስም ይመዘገባል፣ አንዱ ቢጎድል ስልክ ይደወላል። ሱዙኪዋ ውስጥ ከገቡት 17 ልጆች 17ቱ መውረዳቸውን የሚመዘግብ ማን ነው? ማንም።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ጃፓን፣ ሺዙኦካ ውስጥ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ በመዋዕለ ሕፃናት አውቶቡስ ውስጥ ተረስታ በሙቀት ሞተች። በ2018 ደቡብ ኮሪያም የአራት ዓመት ልጅ እንዲሁ ሞታ ነበር። ሁለቱም አገሮች ከዚያ በኋላ ሹፌሩ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ማንም አለመቅረቱን እንዲያይ የሚያስገድድ ማንቂያ በተማሪ መኪኖች ላይ ግዴታ አደረጉ። በሩ የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም በ10 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ የሕፃን ገላ ደግሞ ከትልቅ ሰው በብዙ እጥፍ ቶሎ ይግላል። ያ የሆነው ጃፓን ውስጥ ነው። የድሬን ግንቦት ለምታውቁ አላብራራም። የጃፓኑ ማንቂያ እስኪመጣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃናል፤ ሲሳፈሩ ስም፣ ሲወርዱ ስም፣ መጨረሻ ላይ አግዳሚው ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት።

ይህን ለሹፌሩ ነግሬው ደብተር ገዝቷል፣ እውነቱን ለመናገር ገርሞኛል። ወንበር ግን በደብተር አይመጣም። 17ቱን ወደ 7 አውርድ ብንለው የቀሩትን አሥር ማን ይወስዳቸዋል? ክፍያውን እጥፍ አድርገው ቢባልም ጎረቤቴ ከየት ታመጣዋለች? ስለዚህ ጥያቄዬን ከሱዙኪዋ አውርጄ ወደ አውቶቡሱ ነው የማዞረው። እናቶቹን 1 ሰዓት ላይ ያወረደው አውቶቡስ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ሄጄ አየሁ። ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ይውላል። ሹፌሩ መስኮቱ ላይ ፎጣ ሰቅሎ ይተኛል። ወንበር አለው፣ ቦሎ አለው፣ የንግድ ሰሌዳ አለው፣ መድን አለው። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከአንዲት ረዳት ሴት ጋር ወደ ሰፈር ተመልሶ ልጆቹን ቢያደርስ፣ ከሰዓት በኋላም ቢመልስ ምን ይጎድለዋል? ፋብሪካው በሰርቪስ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፤ ከአውቶቡስ ኪራዩ ጋር ሲተያይ የምትጨመረው የነዳጅ ወጪ ናት። ወይም ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ከፍቶ ማቆያ ያድርግና ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ጋር በዚያው አውቶቡስ ይምጡ፣ በየራሳቸው ወንበር። ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ። ትራፊክ ፖሊሱም ያኔ ሱዙኪዋን ሲያስቆም እኔም ሳልፈራ አጨበጭባለሁ።

የአውቶቡሱን ሹፌር ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ይህንኑ ጠየቅኩት። ፎጣውን ገለጥ አድርጎ አየኝና፣ "እኔ ከታዘዝኩ እሄዳለሁ፣ ቁጭ ማለቱም ሰልችቶኛል። ነዳጁን ማን ይቀዳል?" አለ።

ጥያቄውን እንዳለ ለፋብሪካው አስተላልፌያለሁ።