የዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች ቅርጫት ኳስ፦ ከ1954 ዓ.ም. ጅምር እስከ ራያ ቆላ ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ የትምህርትና የስፖርት ታሪክ ውስጥ 1954 ዓ.ም. የተለየ ሥፍራ ያለው ዓመት ነው። በታኅሣሥ ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመሠረተ። በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በመጋቢት ወር ደግሞ ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከተሳተፉት አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ከነዚህ ሦስት ክንውኖች መካከል የእግር ኳሱ ድል እስከ ዛሬ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይነገራል። ዩኒቨርሲቲውም ስሙን ለውጦ የአገሪቱ ትልቁ የትምህርት ተቋም ሆኖ ቀጥሏል። የቅርጫት ኳሱ ጅምር ግን በአብዛኛው ተዘንግቷል። ጨዋታው በተፈጥሮው የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ሆኖ ሳለ ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ በሆኑባት አገር ለምን አልጎለበተም? የሚለው ጥያቄ ከስፖርቱ ባለሙያዎች ባሻገር ለትምህርትና ለአስተዳደር ኃላፊዎችም የሚቀርብ ነው።

ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው በትምህርት ተቋም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ጄምስ ናይስሚዝ ተማሪዎቹ የክረምቱን ወራት በአዳራሽ ውስጥ የሚያሳልፉበት ጨዋታ እንዲፈልግ ታዘዘ፤ ሁለት የኮክ ቅርጫቶችንም ከግድግዳ ላይ ሰቀለ። ይኸው ማኅበር በአገራችን ወወክማ በሚል አጠራር ይታወቅ እንደነበር የዘመኑ የአዲስ አበባ ወጣቶች ያስታውሳሉ። በአሜሪካ ጨዋታው ወዲያውኑ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገባ፤ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮም ብሔራዊ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በየዓመቱ የሚካሄድበት ሥርዓት ተዘረጋ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ተጫዋች የሚፈጥር ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዘጋጀውን የሚቀበል ተቋም ነው።

የአገራችን ተሞክሮም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በብዛት ያገኝ የነበረው እንደ ጄኔራል ዊንጌትና ተፈሪ መኮንን ካሉ ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። በዚያን ጊዜ ለአንድ የቆቦ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማለት 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት መግባት ማለት ነበር። ስለሆነም የዩኒቨርሲቲ ቡድን አባል የመሆን ዕድሉ የሚወሰነው በችሎታው ሳይሆን በትምህርት ቤት ቅርበት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ የረዱ ሁለት እርምጃዎች በተከታታይ ተወስደዋል። በ1955 የትምህርት ዘመን 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች በመምህርነት ተመደቡ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠር እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። አብዛኞቹም ያገለገሉት በመምህርነት ነበር። የዚህ አሠራር ፋይዳ ግልጽ ነው፤ ወጣቱ በዩኒቨርሲቲ ያገኘውን ዕውቀትም ሆነ የተማረውን ጨዋታ ይዞ ወደ ክፍለ አገር ይወርድ ነበር።

ጅምሩ ግን ሥር ሳይሰድ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከዚያ የተከተለው የደም መፋሰስ ዘመን ብዙ ወጣቶችን ቀጥፏል። የተማሪ ቡድን ከሌሎች ቡድኖች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። አባላቱ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ተመርቀው ይለያሉ። ነባሩ አዲሱን ካላሠለጠነ፣ አሠልጣኙ ካልቆየ፣ መዝገቡም ካልተቀመጠ የሁለት ዓመት መቋረጥ ቡድኑን ከነታሪኩ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው የመቋረጥ አደጋ በሰሜን ወሎ በቅርቡ የታየው ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከፍተኛ ትምህርት ለራያ ቆላ ወጣት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቀረበለት። ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በወልድያ ከተማ ሲመረቅ ደግሞ አካባቢው ከእግር ኳስ ሜዳ ሌላ የቅርጫት ኳስንና የመረብ ኳስን መጫወቻ ያካተተ የስፖርት ማዕከል ባለቤት ሆነ። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦና ወደ ወልድያ ዘለቀ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቆየው ጊዜ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ዩኒቨርሲቲውም ከፍተኛ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ቆቦ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዳግም የጦርነት ቀጣና ሆና ነበር። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም በክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቀሰቀሰው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል።

መልሶ ግንባታ ሲታቀድ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመማሪያ ክፍል፣ ለቤተ ሙከራና ለጤና ተቋም መሆኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጫወቻ ሥፍራን እንደ ቅንጦት ቆጥሮ ለመጨረሻ ማቆየት ሁለት ነገሮችን መዘንጋት ይሆናል።

አንደኛው ወጪው ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር፣ ማለትም 420 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። አንድ መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ወደ 17 የሚጠጉ የቅርጫት ኳስ ሜዳዎች ይገባሉ። የእርሻ መሬት ውድ በሆነበት የቆቦ ሜዳ ይህ ቀላል ቁም ነገር አይደለም። ዋልካ አፈር ባለበት ቦታ በበጋ የሚሰነጠቀውና በክረምት የሚያብጠው መሬት ቀጭን ሲሚንቶን ስለሚሰብር ከሥሩ በቂ የጠጠር ንጣፍ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነውን አሸዋና ጠጠር ደግሞ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱት እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች በየክረምቱ ያመጡታል። የቀኑ ሙቀት የሚያስቸግር ቢሆንም ጨዋታው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሊካሄድ ይችላል።

ሁለተኛው የሰው ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምደባ በማዕከል የሚካሄድ በመሆኑ በወልድያ በአንድ ቡድን የሚሰለፉ አምስት ወጣቶች ከአምስት ክልሎች የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ኳስ ለመቀባበል መተማመን ግድ ነው። ለዓመታት የተቃቃሩ ማኅበረሰቦች ልጆች በአንድ መለያ የሚሰለፉበት መድረክ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በዚህ ረገድ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃነቷን ያገኘችው ይህች አገር ለረጅም ጊዜ በጦርነት የቆየችና ደረጃውን የጠበቀ አዳራሽ ያልነበራት ብትሆንም የወንዶች ቡድኗ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ተሳትፎ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸንፏል። ከቡድኑ አባላት ብዙዎቹ በስደት ያደጉና በውጭ አገር ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሠለጠኑ ናቸው። ልጆቹን ያሳደጋቸው የትምህርት ቤት ስፖርት ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ሥርዓቱ የሌላ አገር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ሐሳብ ሊነሳ ይችላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በ2014 ዓ.ም. ያለፉት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። ተማሪው ማለፍ ባቃተው ጊዜ ስለ ኳስ መነጋገር ጊዜን ማባከን ነው የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው። ሆኖም አኃዙ የሚያመለክተው ወደ ዩኒቨርሲቲ የማይገባው ወጣት እጅግ የሚበዛ መሆኑን ነው። ለዚህ ወጣት ትምህርት ቤቱ የመጨረሻው የሥልጠና ሥፍራው ነው፤ ጨዋታውንም እዚያ ካላገኘው ሌላ ቦታ አያገኘውም። የወደፊቱ የዩኒቨርሲቲ ቡድንም መሠረቱ እዚያው ነው።

ስለሆነም ከዞን፣ ከወረዳና ከዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች የሚጠበቁት ሥራዎች ውስን ናቸው። የመጀመሪያው በመልሶ ግንባታ ዕቅድ ውስጥ ለእያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ጠንካራ ወለል ያለው ሜዳ ማካተት ነው። ሁለተኛው የ1957 ዓ.ም.ን ልምድ በዘመኑ መልክ መመለስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ስላስቀመጠ የስፖርት ተማሪዎች በቆቦ፣ በሮቢትና በሌሎች የቆላው ትምህርት ቤቶች በአሠልጣኝነት ቢመደቡ ሕጋዊ መሠረት አለው። ሦስተኛው ጸጥታው በፈቀደ መጠን የማይታጠፍ ዓመታዊ የውድድር መርሐ ግብር መያዝ ነው።

አራተኛውና ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው መዝገብ ነው። የተጫዋቾች ስም፣ የተደረጉ ግጥሚያዎች፣ ውጤቶችና የአሠልጣኞች ማስታወሻ በየዓመቱ ተጽፈው ቅጂያቸው ከተቋሙ ውጪም ቢቀመጥ ዘራፊ ጽሕፈት ቤት ቢሰብር እንኳ ታሪኩ አይጠፋም።

የ1954 ዓ.ም. ትውልድ በእግር ኳስ፣ በቅርጫት ኳስና በዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ውስጥ ያገኘውን አስረክቧል። ከሦስቱ ቅርጫት ኳሱ ወደ ኋላ የቀረው ዩኒቨርሲቲውንና የክፍለ አገሩን ትምህርት ቤት የሚያገናኘው ድልድይ በመፍረሱ ነው። ድልድዩ ዳግም የሚሠራ ከሆነ በቆቦ የሚነጠፈው አንድ የጠጠር ወለል ከወልድያው ስታዲየም የማያንስ ትርጉም ይኖረዋል።