ድምፅ የሚቆጥር ተሸናፊ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር በጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ አጠገብ ካሉት ሻይ ቤቶች ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ድረስ ወሬው ሁሉ የሁለት ሰዎች ወሬ ይሆናል። መምህሩ ለአንዱ፣ ተማሪው ለሌላው ወግኖ ይከራከራል፤ ጸሐፊውም መዝገቡን አጥፎ ክርክሩን ይቀላቀላል። ክርክሩ ሲበርድ ግን ከዚያው ወንበር ላይ ዘወትር የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ይህ ነገር ለእነርሱ እንጂ ለእኛ አይሆንም፤ በእኛ አገር ሁለት ሰው ለአንድ ወንበር ከተፎካከረ ደም ይፈሳል» የሚል ነው። ይህ ቃል ራስን ማወቅና ጨዋነት ይመስላል። እኔ ግን ስንፍና ነው እላለሁ፤ ስንፍና መሆኑንም ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ስለ አሜሪካ ምርጫ ስንነጋገር ሁላችንም የምንጠይቀው ማን አሸነፈ ብለን ነው። ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ድምፁን ማን ቆጠረው የሚለው ነው። በዚያ አገር ሕገ መንግሥት መሠረት ከየክፍላተ ግዛቱ የተላከውን የመራጮች ድምፅ በሁለቱ ምክር ቤቶች ፊት የሚከፍተው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሊቀ መንበር የሆነው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው። ሕጉ የወሰነው ቀን ምርጫው ካለፈ በኋላ በሚመጣው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ማለት የገና ዋዜማ ይውላል። ስለዚህ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ራሱ ተወዳድሮ የተሸነፈ እንደ ሆነ፣ የባላጋራውን ድል በገዛ አፉ ማወጅ ግዴታው ነው።

በጥቅምት 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን በተወዳደሩ ጊዜ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከ68 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት 120 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በታኅሣሥ 28 ቀን፣ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ኒክሰን ከምክር ቤቱ መድረክ ላይ ቆሞ የኬኔዲን 303 ድምፅና የራሱን 219 ድምፅ አስቆጠረ። ከሃዋይ እርስ በርሱ የሚቃረን ደብዳቤ በመጣ ጊዜም ለባላጋራው የሚጠቅመው እንዲቆጠር ሐሳቡን ያቀረበው እርሱ ራሱ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. በዚያው ቀን፣ በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ተበልጦ ፕሬዚዳንትነቱ ያመለጠው አል ጎር የጆርጅ ቡሽን ድል አወጀ፤ ወዳጆቹ ተቃውሞ ቢያነሡም ደንቡ አይፈቅድም ብሎ መለሳቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካማላ ሃሪስ የዶናልድ ትራምፕን 312 ድምፅና የራሷን 226 ድምፅ አስነብባ ስብሰባውን ዘጋች። ከምርጫው ሁሉ ልንማረው የሚገባን ይህን ሰዓት ነበር፤ እኛ ግን ከጩኸቱ ጋር መጥተን ከጩኸቱ ጋር እንሄዳለን።

«ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚለኝ ቢኖር፣ ሩቅ ሳይሄድ የጋምቤላን ምድር የቆየ ታሪክ ይመልከት። በአኙዋ ሕዝብ ዘንድ ኒዬያ የሚባሉ መኳንንት ነበሩ፤ የክብራቸውም ምልክት ኡቾክ የሚባል የዶቃ ሐብል ነበር። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የባህል ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ መኰንን በዕድሜው ይህን ሐብል ሳያጠልቅ ከሞተ ልጆቹ ከመኳንንት ተራ ይወጡ ነበር። ስለዚህ ፉክክሩ ብርቱ ነበር። ነገር ግን ሐብሉ ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው አንገት የሚዞር እንጂ የአንድ ሰው ርስት አልነበረም፤ ለጥቂት ጊዜ አጥልቆ የመለሰውም ሰው ክብሩ ለልጆቹ ይተርፍ ነበር። በየመንደሩም ኳሮ የሚባለው አለቃ ሕዝቡን ያስቀየመ እንደ ሆነ የመንደሩ ሰዎች ተነሥተው አውርደውት ሌላ ያቆሙ ነበር፤ ይህንም አጌም ይሉታል። እንግዲህ ለሥልጣን መፎካከርና ሥልጣንን ማስረከብ ለጋምቤላ ምድር እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ምድሩን አያውቀውም።

አልሸሽገውም፤ ይህ ልማድ ያለ ደም የሄደ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የከፋው ግን ጠመንጃ በብዛት ወደ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። በአክዌይ ወ ቻምና በኡዲዬል ወ ኩዋት መካከል የነበረው ፉክክር በመጨረሻው የጠመንጃ ፉክክር ሆነ፤ ሐብሉም በአክዌይ እጅ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሐብሉ እንደ ቀድሞው መዞሩ ቀረ፤ የያዘው አልለቅም አለ፤ ያጣውም ሁሉን እንዳጣ ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደ ተባለው ነው። ጥፋቱ የፉክክሩ አልነበረም፤ ጥፋቱ መሸነፍ ሞት መሆኑ ነበር።

ይህ ነገር የጋምቤላ ብቻ አይደለም። ኒክሰን የኬኔዲን ድምፅ በቆጠረበት በዚያው በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና የወንድሙ የገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩት ታላላቅ ሰዎችም በጥይት ተደበደቡ። አንድ ወር ለሁለት አገር ሁለት ዓይነት ሆኖ አለፈ። ከ44 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሕዝባችን ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ፤ ነገር ግን ቆጠራውን ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሳይሆን ቀረ፤ የተቋቋመውም አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። ሰልፉን የሚችል ሕዝብ ነበረ፤ የታጣው ሁለቱም ወገን አምኖ የሚቀበለው ቆጠራ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ነገሩ ለጋምቤላ የዛሬ ጉዳይ ስለሆነ ነው። በክልሉ አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግ፣ ኦፖና ኮሞ አብረው ይኖራሉ፤ ከደጋ የመጣውም ብዙ ነው። ተወዳዳሪ በተነሣ ጊዜ ግን የመንደሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሊሠራ አስቧል» መሆኑ ይቀርና «የማን ልጅ ነው» የሚል ይሆናል። ተወዳዳሪው የወገኑ ተወዳዳሪ በሆነ ጊዜ ሲሸነፍ የሚሸነፈው እርሱ ብቻ አይሆንም፤ ሕዝብ በመላው እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል። ሕዝብ ደግሞ መሸነፍን አይቀበልም፤ ሊቀበልም አይገባውም። በኢታንግ ልዩ ወረዳ ባለፉት ዓመታት በአኙዋና በኑዌር መካከል የፈሰሰውን ደም ያየ ሰው በዚህ ነገር አይቀልድም። «እንግዲያውስ ፉክክር ይቅር፤ ወንበሩን በወገን እየቆጠርን በጸጥታ እንከፋፈለው» የሚሉ አሉ። ወንበር መከፋፈል ለጊዜው ሰላም ያመጣ ይሆናል፤ ነገር ግን የጓዳ ክፍፍል ቆጠራ የለውም። ቆጠራ የሌለው ነገር ተሸናፊውን በሐሜት ያኖረዋል እንጂ አያሳምነውም።

ሌላው ተከራካሪ ደግሞ «አሜሪካኖቹ ራሳቸው መቼ ጠበቁት?» ይለኛል። እውነት ነው። በታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ኒክሰን ከቆጠረ ልክ 60 ዓመት ሲሞላ፣ ትራምፕ መሸነፉን አልቀበልም በማለቱ ደጋፊዎቹ ምክር ቤቱን ሰብረው ገቡ፤ ቆጠራውም ለብዙ ሰዓት ተቋረጠ። ምክትሉ ማይክ ፔንስ ግን ወደ መድረኩ ተመልሶ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ቆጠራውን ፈጸመ፤ የጆሴፍ ባይደንን 306 ድምፅና የገዛ ወገኑን 232 ድምፅ አወጀ። ይህ ለእኔ ማስረጃ እንጂ መቃወሚያ አይሆንም። ድምፅን አምኖ መቀበል ከነጭ ቆዳ ጋር የሚወለድ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ባልተሰበረ ነበር። ሰው ሲጠብቀው ይኖራል፤ ሰው ሲተወው ይጠፋል። እዚያ የሚሰበር ከሆነ፣ እዚህም ሊተከል ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ የማን ሥራ ነው? በአሁኑ ሕግ የምርጫ ጣቢያው ውጤት በዚያው በጣቢያው ይለጠፋል፤ የተወዳዳሪዎቹም ወኪሎች ቆጠራውን ይመለከታሉ። የእኛ ታኅሣሥ 28 ያ ወረቀት የሚለጠፍበት ሰዓት ነው። ያን ወረቀት የሚጽፈው ሹም የዘመዱን ቁጥር በእውነት አሳንሶ ለመጻፍ ያልደፈረ እንደ ሆነ፣ ስለ አሜሪካ ምርጫ መከራከሩን ይተው። የተሸነፈው ተወዳዳሪ ወኪልም ቁጥሩ እውነት መሆኑን እያየ ለመፈረም እጁ ከተያዘ፣ ወገኑን የጐዳው አሸናፊው ሳይሆን እርሱ ነው። መምህራን ሆይ፣ የክፍል አለቃ ምርጫ ስታካሂዱ ድምፁን በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው የተሸነፈው ልጅ ይሁን፤ የኑዌሩ ልጅ የአኙዋውን፣ የአኙዋው ልጅ የመዠንጉን ድል በገዛ እጁ በጠመኔ ይጻፍ። ከሥነ ዜጋ መጽሐፍ ገጾች ይልቅ ያ አንድ ሰዓት ያስተምረዋል። ተማሪዎች ሆይ፣ ያን ቀን የተሸነፈውን ጓደኛችሁን አትሳቁበት፤ ነገ ድምፃችሁን በታማኝነት የሚቆጥርላችሁ እርሱ ነውና።

አሸናፊን ማክበር ለማንም ቀላል ነው፤ ሁሉም ያጨበጭብለታል። ቆሞ የባላጋራውን ቁጥር የሚያነብበውን ሰው ያከበርን ቀን ግን «ለእኛ አይሆንም» የሚለው ቃል ከሻይ ቤቶቻችን ይወጣል። እስከዚያ ድረስ የጐረቤትን ሠርግ በአጥር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው የሌላውን አገር ፉክክር እያየን እንኖራለን።