ዲስኩ ይቀየራል፤ ጽሑፉስ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። በብዙ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር፣ «አይሠራም፤ ግን አይጣልም» የተባለ ላፕቶፕ አይጠፋም። የማይጣለው በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስላለበት ነው።

እዚህ ኢስት ዮርክ፣ ከዳንፎርዝ ጎዳና በስተሰሜን፣ አንዲት ጎረቤት አሉኝ። እትዬ እላቸዋለሁ። ባለፈው ወር ከልጅ ልጃቸው ጋር የሟች ባለቤታቸውን ላፕቶፕ ይዘውልኝ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አይቢኤም ቲንክፓድ ቲ42 ነው። «ልጄ፣ የልጆቼ አባት የዘራችንን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት የጻፈው እዚህ ውስጥ ነው። አሁን አልነሣ አለኝ» አሉ።

አበራሁት። አልፎ አልፎ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ወዲያው አጠፋሁት። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን አለ። ሳህኑ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይሽከረከራል። መረጃውን የሚያነብ ትንሽ ጫፍ ደግሞ ሳይነካው ከላዩ ይንሳፈፋል። ይህ ጫፍ ቦታውን ሲስት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ያባብሳል።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለን ባትሪውንም አወጣን። ልጅቷን «ካቻቢቴ አቀብዪኝ» አልኳት። ግራ ገባት። ካቻቢቴ ማለት ብሎን መፍቻ ነው፤ ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። በቲ42 ላይ ዲስኩን የሚይዘው ከሥር ያለ አንድ ብሎን ብቻ ነው። ብሎኑ ሲፈታ ዲስኩ በጎን ይሳባል። 44 ቀጫጭን ፒኖች ስላሉት፣ እንዳይጣመሙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። የዲስኩን የራሱን ክዳን ግን አትክፈቱ፤ ትንሽ አቧራ ያበላሸዋል።

አዲስ ከመግጠማችን በፊት አሮጌውን ዲስክ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነው። ቀስ እያለም ቢሆን ጽሑፎቹን ሰጠን። ልጅቷ አንዱን ፋይል ከፈተችው። የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ሞልቶታል።

«ጋሼ፣ ይሄ አማርኛ አይደለም» አለች። እትዬ ዝም አሉ።

ግን አማርኛ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ብዙ ሰው የሚጽፈው በድሮዎቹ ፕሮግራሞች ነበር። እነዚያ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደላት ቦታ የእኛን ፊደል ቅርጽ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ወደ አሮጌው ዲስክ ተመለስን፤ ዊንዶውስ ፎንቶቹን ከሚያስቀምጥበት ማህደር የድሮዎቹን የአማርኛ ፎንቶች ቀዳን። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስንጭናቸው ገጹ ወደ ፊደል ተለወጠ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ስም ጮክ ብለው አነበቡ።

የቀረው ቀላል ነበር። የቲ42 ዲስክ የድሮው አይዲኢ ዓይነት ስለሆነ አዲሱ እንደ ልብ አይገኝም። እኛ ኤምሳታ የሚባል ትንሽ ኤስኤስዲ ገዝተን፣ ወደ አይዲኢ በሚቀይር መግጠሚያ ውስጥ አድርገን አስገባነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፅ የለውም። ከዚያ ዊንዶውስ ኤክስፒን እንደገና ጫንን። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ስላቆመ፣ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ጋር አናገናኘውም።

አሁን ልጅቷ የዘር ሐረጉን በዩኒኮድ እንደገና እየጻፈችው ነው። አያቷ ያነባሉ፤ እሷ ትጽፋለች። ቅድመ አያት የአያት ወላጅ፣ ምንጅላት ደግሞ የቅድመ አያት ወላጅ መሆኑን የተማረችው በዚህ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ጉዳት ሳይደርስ ቀድሞ መጠንቀቅ ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ጠይቁ። ገና የሚነሣ ከሆነ ጽሑፉን ቅዱ፤ ፎንቱንም አትርሱ። አንድ ቅጂ በወረቀት አትሙ። ዲስክ በገንዘብ ይተካል፤ የሰባት ቤት ስም የሚያውቅ ሰው ግን ካለፈ አይተካም።

ቸር ይግጠመን!