ፎርማት ጥገና አይደለም

በሰሜን ወሎ፣ ሐራ፣ መርሳ ወይም ወልድያ ውስጥ ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ሰው ጥገና ቤት ሲገባ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። ፍላሹ ሾርትከት በሾርትከት ከሆነ ፎርማት ነው። ወርድ አልከፈት ካለ ፎርማት ነው። ፕሪንተሩ እምቢ ካለ ፎርማት ነው። ማሽኑ እየጋለ በራሱ ከጠፋም ያው ፎርማት ነው። ከዚያ ከፍላሽ ላይ ዊንዶው ይገባል፣ አንቲቫይረሱ ይዘጋል፣ የፈቃድ መቆለፊያን የሚሰብረው ክራክ ይሮጣል፣ የተሰበረ ኦፊስና የተሰበረ ፎቶሾፕ ይከተላሉ። በመጨረሻም ዊንዶው ራሱን እንዳያድስ አፕዴቱ ይቆለፋል። ሂሳቡ ይከፈላል፣ ደንበኛው አመስግኖ ይወጣል።

ይህ ሥራ በአካባቢያችን «ጥገና» ተብሎ ይጠራል። እኔ ጥገና ነው ብዬ አልቀበለውም። ሰነዳችንን እያጠፋ፣ ወጣቶቻችንን ከሙያው እያራቀ፣ ገንዘባችንን እየደጋገመ የሚወስድ ልማድ ነው፤ እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ከሰነዱ ልጀምር። ሰው ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ የሚገኘው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ሲ ሲጠረግ የመምህሩ የፈተና ጥያቄዎች፣ የቅሬው (የዕድሩ) የአባላት መዝገብ፣ የሙሽሮቹ ፎቶ፣ የተመራቂዋ የጥናት ጽሑፍ አብረው ይሄዳሉ። ብዙው ባለሙያ «ባክአፕ አለህ?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ደንበኛው ቃሉን አያውቀውም። በአሮጌው ሀርድ ዲስክ ላይ ፈጣን ፎርማት የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ ብቻ ስለሆነ፣ ወዲያው ሥራ ቢቆም ብዙው ሊመለስ ይችል ነበር። ነገር ግን ወዲያው ዊንዶው ይጫንበታል፤ ከ20 ጊጋባይት በላይ አዲስ ነገር በቀድሞው ፋይል ላይ ይጻፋል። ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ የተሰረዘውን ቦታ ስለሚያጸዳው የመመለስ ተስፋው ከሞላ ጎደል የለም።

ታዲያ የዘገየው ኮምፒውተር ምን ሆኖ ነበር? በእጃችን ያሉት ላፕቶፖች በአብዛኛው ከውጭ ተጠቅመውባቸው የመጡ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ናቸው። ብዙዎቹ የኢንቴል 4ኛ፣ 5ኛ ወይም 6ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ያላቸው ናቸው፤ የተሠሩት ከ10 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እዚህ ዕድሜ ላይ ሲደርሱ የሚታመሙት በታወቁ ቦታዎች ነው። የመጀመሪያው ሀርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ሲያረጅ አንዳንድ ክፍሎቹ መነበብ ያቅታቸዋል፤ ማሽኑ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል እኛ «ተንቀራፈፈ» እንላለን። ዲስኩ ራሱ ይህን ይመዘግባል። ስማርት በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ስንት ክፍል እንደተበላሸና ስንት እንደተተካ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያሳየዋል። የሚሞት ዲስክ ላይ ፎርማት ማድረግና 20 ጊጋባይት መጻፍ ሞቱን ማፋጠን ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል አቧራ ይጠቀጠቃል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበቃው ይጠፋል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ካቻቢቴ፣ ብሩሽና አዲስ ቅባት ነው፤ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አቧራው ካለበት አይነሳም። ሦስተኛው የራም ማነስ ነው። 4 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ በክሮም አሥር ገጽ ከፍቶ ዊንዶው 10ን ማስሮጥ ዲስኩን ቀኑን ሙሉ ማሠቃየት ነው። አንድ ተጨማሪ ራምና አንድ አነስተኛ ኤስኤስዲ እንዲህ ያለውን ማሽን ፈጽሞ ሌላ ያደርጉታል። በገዛ እጄ ለብዙ ሰው ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው።

ከፎርማት በኋላ ማሽኑ ለጊዜው ይፈጥናል። ሲነሳ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ስለሚወገዱና ፋይሎቹ ጤነኛ የዲስክ ክፍል ላይ ስለሚያርፉ ነው። ደንበኛው ዳነልኝ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይከፍላል፣ እንደገና ፋይሉ ይጠፋል። ባለሙያው ደግሞ ምን እንደነበረ ሳያውቅ ይቀራል። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ከሙያ ኮሌጅና ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ብሩህ ልጆች አሉን፤ ሥራ ሲይዙ የመጀመሪያው የሚማሩት ማጥፋትን ነው። መመርመር ቀርቷል። ምክንያት መፈለግ ያልለመደ እጅ ደግሞ ነገ ፕሮግራም ሲጽፍ ስህተቱን አያድንም፤ ኮዱን ደምስሶ ከሌላ ይገለብጣል።

አሁን ወደ ክራኩ። ክራክ የሚያደርገው ፕሮግራም ሥራውን ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንቲቫይረሱን ዝጋ፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስጠኝ። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፕሮግራም ነው። የመሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክ ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ይሰጠዋል። ስቶፕ የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዓለም ላይ በዋናነት የተሠራጨው በእንዲህ ያሉ ክራኮች ውስጥ ተደብቆ ነው። ፎቶውንና ሰነዱን ይቆልፋል፣ የፋይሉን ስም መጨረሻ ይለውጣል፣ በዶላር ክፈሉ ይላል። አፕዴት መዝጋቱም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ሲያጠቃ፣ የገባበት ቀዳዳ መድኃኒት ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዳው ያላደሰ ነው። እኛ ዘንድ አለማደስ የአገልግሎቱ አካል ሆኖ ተከፍሎበት ይሠራል።

የሕጉንና የሕሊናውን ነገር አልፌው አልሄድም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል። «የሰው ሐቅ አልበላም» ብሎ የሚምል ወሎዬ፣ ጎረቤቱ የረሳውን ሳንቲም ተከትሎ የሚመልስ ሰው፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ሐቅ መሆኑን አንድም ቀን አላሰበውም፤ የነገረው ሰው ስለሌለ። አማራጭ ባይኖር ድህነታችንን አንሥቼ እከራከርለት ነበር። አማራጭ ግን አለ።

አማራጩ ዊንዶውን የሚተካው ሊነክስ የተባለው ነጻ ሥርዓት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በ21 ዓመቱ ጀመረው። ዛሬ በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክም፣ የዓለም ሰርቨሮች አብዛኛዎቹም የሚሠሩት በእርሱ ነው። ለመገልበጥ፣ ለመስጠት፣ ለመለወጥ ፈቃዱ አብሮት ይመጣል፤ ሐራ ገበያ ቆመው ለመንገደኛ ሁሉ ቢያድሉት የማንም ሐቅ አይነካም። ሊነክስ ሚንት የሚባለው ዕትም በ4 ጊጋ ራም ላይ ሳይጨናነቅ ይሮጣል። መልኩም ዊንዶው ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም።

ጊዜውም ወደዚያ ይገፋል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶው 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶው 11 ደግሞ የኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር፣ ከዚህም ጋር ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። በመርሳና በወልድያ የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙው ይህን አያሟላም። አዲስ ግዙ ማለት አይቻልም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በወራት ውስጥ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ባለሱቆቹ የመረጡት መንገድ የማሽኑን ብቃት የሚያየውን ፍተሻ ዘሎ ዊንዶው 11ን በግድ መጫን ነው። ያን ሲያደርጉ ድጋፍ በሌለው መንገድ ላይ የተጫነ፣ የተሰበረ፣ ለመታደሱ ዋስትና የሌለው ሥርዓት ለሰው ያስረክባሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ለሰሜን ወሎ ልዩ የሆነ ምክንያት አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ካልነካ የማይነሳ ፕሮግራም ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ዴቢያን የሚባለው የሊነክስ ዕትም ከ60,000 በላይ የፕሮግራም ጥቅሎች አሉት፤ ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆነው የአንድ ዕትም ማከማቻ ሙሉው በአንድ 500 ጊጋባይት ሀርድ ዲስክ ላይ ይገባል። ያ ዲስክ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ከመጣ፣ ኔትወርክ ቢዘጋም በከተማው ያለ ማሽን ሁሉ ከእርሱ ፕሮግራም ይጭናል፤ ቢሮው ይሠራል፣ ተማሪው ይማራል። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን እንዳለ አውርዶ ማስቀመጥም ይቻላል። ለሚቆራረጥ ኔትወርክና ለሚቆራረጥ መብራት ከዚህ የሚስማማ ነገር አላውቅም።

ተቃውሞውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው ወርድና ኤክሴል ነው» ይባላል። ሊብሬኦፊስ የወርድንና የኤክሴልን ፋይል ይከፍታል፣ ያስቀምጣል። ሠንጠረዥ የበዛበት ደብዳቤ አንዳንዴ መስመሩ ይዛነፋል፤ ይህ እውነት ነው። ለደብዳቤ፣ ለደመወዝ ዝርዝር፣ ለፈተና ወረቀት ግን ይበቃል። «የሂሳብ ባለሙያ ፒችትሪ ያስፈልገዋል» የሚለው የበለጠ ክብደት ያለው ነው፤ የብቃት ምዘናውም ሥራውም በእርሱ ስለሆነ አንድ የዊንዶው ማሽን ለእርሱ ይቀመጥ። ነገር ግን ፒችትሪ የሚለው ስም ራሱ ከተቀየረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጆቻችን በተሰበረ አሮጌ ቅጂ መሠልጠናቸው መኩሪያ ሊሆን አይችልም። የባነርና የመጥሪያ ካርድ ባለሙያዎች ፎቶሾፕን ለመተው የሚቸገሩበትን ምክንያትም እረዳለሁ። እነርሱን አልጫንም። ጥያቄዬ ለቀረው ብዙ ማሽን ነው፤ ከጽሑፍና ከኢንተርኔት በቀር ሥራ ለሌለው።

«አማርኛስ?» የሚለው ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሊነክስ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶችም በነጻ ይገኛሉ። የጽሕፈት ቤቶቻችን ግን ዛሬም ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር የሚጽፉ ናቸው፤ በዚያ አሠራር «ሀ» ብለን የምናየው በኮምፒውተሩ ውስጥ የላቲን ምልክት ነው። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሁለቱንም አጻጻፍ ያውቃል፤ ጸሐፊዎቻችን በልማድ አሮጌውን ይመርጣሉ። ሰነዱ ወደ ስልክ ሲላክ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ሆኖ ይከፈታል። በስም ቢፈለግ አይገኝም። የወረዳ ውሳኔ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የዘፈን ግጥም፣ የመንዙማ ስብስብ በዚህ መንገድ በየማሽኑ ተቆልፎ አለ፤ ከዓመታት በኋላ ያ ፎንት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለቋንቋችን እንቆረቆራለን የምንል ሰዎች ይህን ዝም ማለታችን አይገባኝም።

መጥፋት ምን እንደሆነ ደግሞ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ሲቆዩ መሥሪያ ቤቶችና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ኮምፒውተሩ በዕርዳታም በግዢም ይተካል። በውስጡ የነበረው፣ ሌላ ቦታ ያልተገለበጠው ሰነድ ግን አልተተካም። ከዚያ በኋላ በተተኩት ማሽኖች ላይም ያው ልማድ ቀጥሏል፤ ሁሉ ነገር ዴስክቶፕ ላይ፣ ቅጂ የለም፣ ሲዘገይ ፎርማት።

ወደ ወጣቶቻችን ልመለስ። በሐምሌ 2016 5 ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው አገር አቀፍ ሥልጠና ይፋ ሲሆን ደስ ብሎኛል፤ አሁንም ልጆቻችን እንዲገቡበት እመክራለሁ። ግን የምስክር ወረቀት ብቻውን ፕሮግራመር አያወጣም። ፕሮግራመር የሚወጣው ማሽኑን ከፍቶ ከሚያይ፣ ስህተቱን ከሚያነብ፣ ያበላሸውን ራሱ ከሚያስተካክል ልጅ ነው። ሊነክስ በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፓይተን አብሮ ተጭኖ ይገኛል፤ የሥርዓቱ ኮድም ተገልጦ ይነበባል። ለሐራ ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት በዚያ ዋጋ አይገኝም።

ስለዚህ ጥገና ቤት ለያዛችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው ይህ ነው። የዲስኩን ስማርት ሳታዩ ፎርማት አታድርጉ። የደንበኛውን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ሳትገለብጡ ምንም አትንኩ፤ ለመገልበጡ ዋጋ ጠይቁ፣ ሰው ይከፍላል። ፋኑን ከፍታችሁ ጥረጉ። ለጽሑፍ ብቻ የሚፈለግ ማሽን ሲመጣ ሊነክስ ሚንትን ጭናችሁ አሳዩት፣ ምርጫውን ለባለቤቱ ተዉለት። የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፣ ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ ጻፉ። የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ ካሉት ማሽኖች ግማሹን ለሊነክስ ስጡና ልጆቹ ይክፈቱት። የሊነክስ መጫኛ ፍላሽ የሚያስፈልገው ሰው ሐራ ድረስ ይምጣ፤ ያለ ክፍያ እገለብጥለታለሁ።