ተከዜ ከላስታ ይነሣል፤ ዕቅዱስ ከየት ይነሣል?

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ፥ ተማሪውም ሠራተኛውም ስለ ሜጋዋትና ስለ ተርባይን ይነጋገራል። ነገሩ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ከሲሚንቶውና ከብረቱ በስተጀርባ ያለውን የአደረጃጀት ጉዳይም ልንመረምር ይገባል።

የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር። የግንቡን ሥራ የኢጣሊያው ሳሊኒ ኩባንያ ሲይዝ፥ የተርባይኑና የብረታ ብረቱ ሥራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ግንቡ ከፍ ሲል የተርባይኑ ሥራ ወደ ኋላ ቀረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ሥራውን ከኮርፖሬሽኑ ለመውሰድ ወሰነ፤ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ያመነጨውም በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በአንድ ታላቅ ሥራ ላይ አንዱ እጅ ቢፈጥን፥ ሌላው ካልተከተለ ፍጥነቱ ብቻውን ፍሬ አይሰጥም።

የተከዜ ግድብ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ወንዙ የሚነሣው ኩልመስክ ከምትገኝበት ከላስታ ደጋ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራው ይህ ግድብ የተመረቀው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ በ2000 ዓ.ም. የተራራው ጎን ተንዶ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። ተፈጥሮ ላልታሰበ ወጪ ስትዳርገን የሚከፈል መጠባበቂያ፥ አስቀድሞ በዕቅዱ ውስጥ መኖር አለበት ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን በየክረምቱ የሚወርደው አፈር ነው። ከላስታ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ለገበሬው የጠፋ እርሻ፥ ለግድቡም የጠበበ ማጠራቀሚያ ነው። ገበሬው በበጋ እርከን የሚሠራው በገዛ ጉልበቱ ነው፤ ሥራውም የሚቈጠረው በግብርና መዝገብ እንጂ በኃይል ማመንጫው ሒሳብ አይደለም።

«እርከን የግብርና መሥሪያ ቤት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙን የሚያገኘው የኃይል ማመንጫውም ስለሆነ፥ ከኃይሉ ገቢ ከፊሉ ወደ ወንዙ ምንጭ ቢመለስ ምጽዋት ሳይሆን የጥገና ወጪ ነው። ይህንንም የሚከታተል አንድ ኀላፊ በስም ሊታወቅ ይገባል፤ የሁሉ የተባለ ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራልና።

ስለዚህ የግድብ ዕቅድ የሚቀርብለት ወጣት ሹም፥ ግንቡ ስንት ሜትር እንደሚሆን ከመጠየቁ በፊት፥ በምንጩ ያለው ገበሬ ድርሻው ምን እንደሆነ ይጠይቅ።