ማን ይገዛልኛል?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ገጣሚ በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት ቆመ። ገንዘብ ማውጫ ቅጹን ሞልቶ ከሰጠኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይህ ለማተሚያ ቤት ቀብድ ነው። መጽሐፍ ላሳትም ነው፤ ግን ማን ይገዛልኛል?» አለኝ። ከኋላው ረጅም ወረፋ ነበርና «በፌስቡክ አስተዋውቀው» ብዬ ሸኘሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው መልሴ ግማሽ ሆኖ ተሰማኝ። ይህች ጽሑፍ ያን ቀሪ ግማሽ ለመሙላት የተጻፈች ናት።

ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከደመወዜ በቆጠብሁትና ከዕቁብ በደረሰኝ ገንዘብ አንዲት ቀጭን የግጥም መድበል 500 ቅጂ አሳተምሁ። መርሳ የመጻሕፍት ገበያ የደራባት ከተማ አይደለችም፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገደኛ ማንጎና ብርቱካን ሊገዛ ይወርዳል እንጂ ግጥም ሊገዛ አይወርድም። ስለዚህ በፌስቡክ በየቀኑ የመጽሐፉን ሽፋን ለጠፍሁ፤ «ገበያ ላይ ውሏል» እያልሁ አወጅሁ። «ላይክ» እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደልኝ፤ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለውም በዛ። መጽሐፉ ግን በካርቶን ታሽጎ አልጋዬ ሥር እንደ ተቀመጠ ከረመ።

አንድ ምሽት ማወጁ ታከተኝና ስለ እናቴ መሶብ የጻፍሁትን ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለጠፍሁት። ከሥሩ ስሜንና የመድበሉን ርእስ ብቻ አኖርሁ። በማግሥቱ የማላውቀው ሰው ከኮምቦልቻ «ይህ ግጥም ያለበት መጽሐፍ የት ይገኛል?» ሲል ጻፈልኝ። በዚያ ሳምንት የተሸጠው መጽሐፍ ከዚያ በፊት በወራት ውስጥ ከተሸጠው በለጠ። ለካ ሰው ሽፋን አይቶ ያመሰግናል፤ የሚገዛው ግን ቀምሶ ነው።

ለመሆኑ ይህ አዲስ ነገር ነውን? አይመስለኝም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረውም ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቀ። ትረካው ስለ መጽሐፉ የተነገረ ማስታወቂያ ሳይሆን መጽሐፉ ራሱ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ በዕውቀቱ ሥዩም ግጥሙንና ወጉን በፌስቡክ ገጹ በነጻ ያስነብባል፤ በዚህ ሳቢያ መጽሐፉን የሚጠብቀው አንባቢ ሲቀንስ አላየሁም። ገጣሚ ሆይ፣ ድምፅህ ካላሳፈረህ ግጥምህን በስልክህ ቀድተህ አሰማ!

ነገር ግን ስምህን ጠብቅ። እኛ ወሎዎች ለዚህ ምስክር አለን። የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥም ማተሚያ ቤት ሳያይ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ አገር ዞሯል፤ በመጽሐፍ የተሰበሰበው ኋላ ነው። ይሁንና በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው ስለ መሆኑ ዛሬ ማን ደፍሮ ይምላል? በማኅበራዊ ሚዲያም ግጥም በአንድ ሌሊት ከመርሳ ዋሽንግተን ይደርሳል፤ የጸሐፊውን ስም ግን መንገድ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ስምና የመጽሐፍ ርእስ ከግጥሙ ጋር በአንድ ምስል ውስጥ ይጻፉ።

«በነጻ ካነበበ ለምን ይገዛል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ሙሉ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ተገልብጦ በቴሌግራም ሲበተን አይተናል፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም ሕጉ እዚያ ሰፈር ሲደርስ እግሩ ያነክሳል። ቢሆንም ጥቂት ግጥም በፈቃድ መስጠትና መላውን መዘረፍ ይለያያሉ። ከመድበሉ አምስት ስድስቱን ስጡ፤ የቀረውን ለገዢ አቆዩት። አንድ ነገር ደግሞ ከሙያዬ ልጨምር፦ ገዢ የላከው የደረሰኝ ፎቶ ሊቀናበር ይችላልና ገንዘቡ በሒሳባችሁ መግባቱን ሳታዩ መጽሐፉን ለመኪና ረዳት በአደራ አትስጡ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን መከራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ ቤታችንን ጥለን ወጣን። በ2014 ስንመለስ ካርቶኑ ባዶ ነበር፤ ረቂቁ የነበረበት ኮምፒዩተርም የለም። ሁለተኛውን እትም ያዘጋጀሁት ከገጼ ላይ የለጠፍኋቸውን ግጥሞች ለቅሜ፣ የቀሩትን ደግሞ ያ የኮምቦልቻ ሰው ከገዛው ቅጂ ፎቶ እያነሣ ልኮልኝ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ያን ጊዜ ገጼ ዝም አለ፤ በየሰው እጅ የነበሩት ጥቂት ቅጂዎች ግን ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞሩ ከረሙ። አንዴ ወረቀቴን ገጼ አዳነልኝ፤ አንዴ የገጼን ሥራ ወረቀቴ ሠራልኝ።

ያ ወጣት ቀሪውን ክፍያ ሊያወጣ መምጣቱ አይቀርም። ወረፋው ቢረዝምም በዚህ ጊዜ አስጠብቀዋለሁ። «ሽፋኑን አንድ ጊዜ አሳያቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግጥምህን አንብብላቸው። ላይክህን አትቍጠር፤ ‹የት ይገኛል?› ብሎ ለጠየቀህ ግን አንድም ቢሆን በዚያው ቀን መልስ» እለዋለሁ። ከዚያም የመጀመሪያውን ቅጂ ለራሴ አስይዛለሁ፤ ዋጋውንም ሳልከራከር እከፍላለሁ።