ለዋካንዳ ያጨበጨብከው ወንድሜ፣ አንዴ ስማኝ

ወገን፣ ዛሬ ስለ ፊልም ላወራህ ነው። «ሀገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና ምን ዓይነት ፊልም?» እንዳትለኝ። እስከ መጨረሻው አንብበህ ከዚያ ስደበኝ።

እኔ የፊልም ሃያሲ አይደለሁም። እንዳንተው ከቴሌግራም የማወርድ፣ በፍላሽ የማስጭን፣ ሲደክመኝ በአማርኛ ትርጉም የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ሰሞኑን ሱፐር ሂሮና ሳይንስ ፊክሽን የሚባሉትን ፊልሞች አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ያስተኛል። ግን ሁሉም ተደማምረው አንድ ጥያቄ ጣሉብኝ። እኛ ጀግና እየጠበቅን የምንኖረው እስከ መቼ ነው?

ከዋካንዳ እንጀምር። ብላክ ፓንተር እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ትዝ ይልሃል? እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ፎቶ ያልተነሳ ተማሪ አልነበረም። እኔም ተነስቻለሁ፣ አልዋሽህም። ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት ሀገር፣ የራሷ ንጉሥ፣ የራሷ ጦር፣ እሳት የላሱ ሴት ወታደሮች! ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ 3 ኦስካር ወሰደ። እሰየው፣ ይገባቸዋል።

ግን ቆም ብለህ ቁጠር። ብላክ ፓንተርን ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኮሚክ መጽሐፍ ላይ የፈጠሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። አድዋ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ልዩነቱ ልክ 70 ዓመት! ፊልሙ ሲኒማ የገባው ደግሞ በየካቲት፣ በእኛው ወር ነው። ሰዎቹ በምናባቸው የሳሏትን ያልተገዛች ሀገር ያንተ ቅድመ አያት በእግሩ ተጉዞ፣ በደሙ ከፍሎ አቆይቷታል። አንተ ግን የዋካንዳን አምስት ጎሳዎች በቃልህ ታውቃለህ፤ አድዋ ላይ ማን በየት በኩል ተሰለፈ ብትባል ወደ ጎግል ነው የምትሮጠው።

ዋካንዳ ለምን አልተገዛችም? ከሰማይ ቫይብራኒየም የሚባል ማዕድን ስለወደቀላት። በዚያ ቴክኖሎጂ ሠራች፣ ራሷን ሸፍና ተደበቀች፣ ጎረቤቶቿ በሰንሰለት ታስረው ሲጋዙ ዝም አለች። ይሄን እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ኪልሞንገር በፊልሙ ውስጥ የሚወቅሳት በዚሁ ነው።

አድዋ ላይ ከሰማይ የወደቀልን ነገር የለም። መስከረም 1888 ክተት ሲታወጅ ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሰው ስንቁን ጭኖ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ፣ ከደቡብም ከምዕራብም ከምሥራቅም ከመሀልም ወራት የፈጀ መንገድ በእግሩ ሄደ። መቀሌ ላይ ጣሊያን ምሽጉን አጥብቆ ሲቀመጥ፣ እቴጌ ጣይቱ የውሃ ምንጩ እንዲያዝ አደረጉ፤ ምሽጉ በጥም ተለቀቀ። ባሻይ አውአሎም ለጣሊያን የሚሰልል መስሎ ጄኔራል ባራቲየሪን አሳሳተው። የጣሊያን ጦር በተሳሳተ ካርታ በሌሊት ተንቀሳቀሰ፤ የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ። የካቲት 23 ሲነጋ የሆነውን ታውቃለህ።

የጠቡ መነሻ ደግሞ ምን ነበር? የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ። በአማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው ይላል። በአንድ ግሥ የተነሳ ጦርነት! እስኪ የትኛው የማርቬል ጸሐፊ ይሄን ያስበዋል? ሰላይ አለ፣ ከበባ አለ፣ የትርጉም ተንኮል አለ፣ ጦር የምትመራ ንግሥት አለች። ስክሪፕቱ አልቆ ተቀምጧል። የጎደለው አንሺ ነው።

አሁን ወደ ሌላው የማርቬል በሽታ ልውሰድህ። አቬንጀርስ ኤንድጌም ላይ ቶኒ ስታርክ ሲሞት ያለቀሰ ጓደኛ አለኝ። አልፈርድበትም። ግን ከዚያ በኋላ መልቲቨርስ የሚባል ነገር አመጡና ሞት ራሱ ቀልድ ሆነ። ጋሞራ ሞተች፣ ከሌላ ዘመን መጣች። ሎኪ ሞተ፣ ሌላ ሎኪ መጣ። ዎልቨሪን ሎጋን ላይ በክብር ተቀበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዴድፑል ጋር ሊያስቀን ሌላ ዎልቨሪን ይዘው መጡ። ማንም እንደማይሞት ካወቅክ ለማን ትፈራለህ? ማንም ምንም ካልከፈለ ለማን ታለቅሳለህ? ዘ ማርቭልስ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ሰው ሲኒማውን ባዶ ትቶት የሄደው ለዚህ ይመስለኛል።

ፊታውራሪ ገበየሁ አድዋ ላይ ወደቁ። ከሌላ ዩኒቨርስ ሌላ ገበየሁ አልመጣም። አንድ ነበሩ፣ አንድ ነፍስ ነበራቸው፣ ሰጡ። ጀግንነት ዋጋ የሚኖረው መመለሻ ስለሌለው ነው።

እንደገና ወደ ብላክ ፓንተር። ኪልሞንገር ለንደን ሙዚየም ውስጥ ቆሞ የአፍሪካን ቅርስ እያየ ባለሙያዋን የሚያፋጥጥበት ቦታ ትዝ ይልሃል? ለሌላው ተመልካች ያ ልብ ወለድ ነው። ላንተ ግን የቤትህ ጉዳይ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ብራናውን፣ ዘውዱን፣ ታቦቱን ዘርፎ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወረደ። ታቦቶቹ ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተቆልፎባቸው ተቀምጠዋል። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ተወሰደ፣ በ18 ዓመቱ በሰው ሀገር ሞተ፣ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ለሀገሩ ይብቃ ተብሎ ሲጠየቅ የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም አይሆንም አለ። ጥቂት ነገር ተመልሷል፤ በ2011 የመጣው የንጉሡ ጸጉር አንዱ ነው። ኪልሞንገር ሙዚየሙን ሲዘርፍ አጨብጭበህ፣ ስለ ዓለማየሁ አንድ ቀን እንኳ ካልጠየቅክ፣ የማን ልጅ ነህ?

እሺ፣ ዱን። የመጀመሪያውን ክፍል ሳይ ሁለቴ አንቀላፍቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ቀጥ አድርጎ አስቀመጠኝ። ፍሬመኖች ወኔያም ሕዝብ ናቸው። በረሃውን ያውቁታል፣ ያን የሚያህል ትል ይጋልባሉ፣ መሬታቸው ውስጥ ዓለም ሁሉ የሚጋደልበት ሀብት አለ። አንድ በሽታ ግን አለባቸው፤ ከውጭ የሚመጣ አዳኝ ይጠብቃሉ። ትንቢቱን ደግሞ ቤኔ ጄሰሪት የሚባሉት ሴቶች ናቸው ከብዙ ዘመን በፊት ለራሳቸው ጥቅም ሆን ብለው የዘሩባቸው። ፖል መጣ፣ ሕዝቡ ተንበረከከለት። መጨረሻው ምን ሆነ? በስሙ ሌላ ጦርነት ሊዋጉ መርከብ ላይ ተጫኑ። ነገሩ የገባት ቻኒ ናት፤ ሁሉም ሲንበረከክ እሷ ጥላ ወጣች።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። የእኛ ፖለቲካስ ከዚህ በምን ይለያል? አንድ ሰው ብቅ ሲል «ይሄ ነው የተላከልን» እንላለን። ፎቶውን ፕሮፋይል እናደርጋለን፣ ቲሸርት ላይ እናሳትማለን፣ የተጠራጠረውን እንሰድባለን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ሰው እንረግማለን። ከዚያ አርፈን ሥራ እንደመጀመር ሌላ ፖል ፍለጋ እንወጣለን። ይሄን የምጽፈው ለሌላ ሰፈር ልጆች አይደለም። እዚሁ ፔጅ ላይ፣ እዚሁ ኮሜንት ስር ያለውን ነው የምነግርህ። እኔም ከተንበረከኩት አንዱ ነበርኩ።

የ2025ቱን ሱፐርማን ያየህ እንደሆነ ደግሞ ይሄን አስታውስ። ቦራቪያ የምትባል ጉልበተኛ ሀገር ጃርሃንፑር የምትባለውን ድሃ ሀገር ልትወር ትመጣለች። ገበሬው በያዘው መሣሪያ ታንክ ፊት ይቆማል። አንድ ሕፃን የሱፐርማን ምልክት ያለበት ባንዲራ ሰቅሎ ስሙን ይጣራል። ከዚያ ከአሜሪካ ጀግኖች በርረው መጥተው ያድኗቸዋል። ዳይሬክተሩ ጄምስ ገን ልብ የሚነካ ትዕይንት ነው የሠራው፣ አልክድም፤ እኔንም ነክቶኛል።

ነገር ግን እኛ ያንን ባንዲራ አንዴ ሰቅለነው አይተናል። ሰኔ 1928 ጃንሆይ ጄኔቫ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ ለዓለም ተናገሩ። ማን በርሮ መጣ? ማንም! እንግሊዝ ጦር ይዛ የመጣችው ጣሊያን በራሷ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያን ሁሉ ዓመት ጫካ ገብቶ ጠላትን እንቅልፍ የነሳው አርበኛው ነው። በጃርሃንፑር ሜዳ ላይ ሱፐርማን ባይመጣስ? ፊልሙ ይሄን አያሳይህም። የእኛ አያቶች ግን መልሱን ኖረውታል።

«ታዲያ ጥሩ ፊልም የለም ወይ?» ካልከኝ አለ። ጎድዚላ ማይነስ ዋን የሚባለውን የጃፓን ፊልም ፈልገህ እይ። ከጦርነት በኋላ የወደመች ሀገር፣ አውሬ መጥቶባታል፣ መንግሥት የለም ማለት ይቻላል፣ አሜሪካ አትረዳም። ማን ያድናቸው? ከጦርነት የተረፉ ተራ ሰዎች ተሰብስበው ይመክራሉ፣ ዘዴ ያወጣሉ፣ ትናንሽ ጀልባዎች ሳይቀሩ ገመድ ይዘው ይመጣሉ። እያየሁ ያሰብኩት አድዋን ነው። ፊልሙ የተሠራው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው። የምስል ቅንብሩን የሠሩት 35 ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የቪዥዋል ኢፌክት ኦስካርን ከነጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ 3 ነጥቀው ወሰዱ። ጃፓኖች የራሳቸውን ቁስል በራሳቸው አውሬ ነገሩት፣ ዓለም ቁጭ ብሎ አየላቸው።

እኛስ? በኢትዮጵያ ምድር ከተሠሩ ሳይንስ ፊክሽኖች ስሙ የሚጠራው ክራምብስ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ የእኛ ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ውድ ቅርስ ሲታይ ያሳያል። ሰውየው ያኔ ያሳየን መስታወት ነው፤ የሌላ ሰው አሻንጉሊት ይዘን የራሳችንን ቅርስ እንጥላለን። እሱን አመሰግናለሁ። የማፍረው ግን እኛ ራሳችን ሳንቀድመው በመቅረታችን ነው።

የሞከሩ የሉም አልልህም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ አድዋ ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል፤ ስንቶቻችን አይተነዋል? በሰራት ደበበ ደግሞ ጀምበር የሚባል የሱፐር ሂሮ ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል። ጀምበር ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው! ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። ዲግሪዬን በፕላስቲክ ለብጄ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ የምዞር እኔም፣ ምናልባት አንተም፣ የሱፐር ሂሮ ታሪክ መነሻ ነን ማለት ነው። ልዩነቱ ለጀምበር ኃይል ተሰጥቶታል፤ እኛ ጋ ያለው ጊዜ ነው። እሱ ደግሞ በሽ ነው፣ አይደል?

«ፊልም ብር ይፈልጋል» ትለኛለህ። ልክ ነህ። ታሪክ መሰብሰብ ግን ብር አይፈልግም። አያትህ በሕይወት አሉ? ስልክህን አውጥተህ ቅዳቸው። አባታቸው አርበኛ ነበሩ? የት ዋሉ? ምን በሉ? ማን ከዳቸው? አምስት ገጽ ጻፍ። መሳል የምትችል ሳል፣ ኤዲቲንግ የምትችል ቁረጥ ቀጥል። ዮርዳኖስ የዋዲ ራምን በረሃ ለዱን አከራየች፤ እኛ ዳሎልን ይዘን ሰልፊ ብቻ እንነሳለን።

እያንዳንዱ የካቲት የምኒልክንና የጣይቱን ፎቶ ፖስት እናደርጋለን፣ በማግስቱ እናነሳለን። በዚህ አያያዝ አድዋም የእኛ ዋካንዳ ይሆናል፤ እጅ አጣምረው ፎቶ የሚነሱበት፣ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚሄዱበት። ያ ደግሞ አድዋ ላይ ለወደቁት ስድብ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የካቲት 23 ፎቶ አታምጣ። አንድ የአያት ታሪክ፣ አንድ የአምስት ገጽ ስክሪፕት፣ አንድ ሥዕል ይዘህ ና። አንቺም እህቴ፣ ይሄ ላንቺም ነው፤ ጣይቱን ካንቺ በላይ የሚጽፋት የለም። የምትጀምሩ ኮሜንት ላይ «ጀምሬያለሁ» በሉ፤ አንድ ላይ እንሰባሰባለን። አንብባችሁ ለጓደኛ ሼር አድርጉ፣ በተለይ ለዚያ ለቶኒ ስታርክ ላለቀሰው።

ጀግና ከሰማይ አይወርድም። አድዋ የሄዱት እግራቸው የተላጠ ሰዎች ናቸው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!